ነጻ እና ጥገኛ ተለዋዋጮች፦ የግብርና ምርምር ውጤትን መረዳትና መጠየቅ

ይህ ጽሑፍ የምርምር ውጤቶችን ለሚጠቀሙ አርሶ አደሮች፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው መረጃ ፍለጋ ወደ ግብርና መሥሪያ ቤቶች ለሚመጡ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ስለ ጉዳዩ ማወቅ ለሚፈልግ ማንኛውም ዜጋ የተዘጋጀ ነው። ዓላማው ምርምር የሚቆምባቸውን ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች፣ ማለትም ነጻ ተለዋዋጭንና ጥገኛ ተለዋዋጭን፣ ማሳ ላይ በሚታዩ ምሳሌዎች ማስረዳት ነው።

ጉዳዩ የመማሪያ መጽሐፍ ትርጓሜ ብቻ አይደለም። በመስክ በዓል ወቅት ጎብኚዎች በሁለት ማሳዎች መካከል ቆመው «ይህኛው በአዲሱ አሠራር የተዘራ ነው፤ ያኛው በነባሩ» የሚል ማብራሪያ ይሰማሉ። የአዲሱ ማሳ ሰብል የተሻለ ሆኖ ይታያል። ጎብኚው አርሶ አደር ያየውን አምኖ ለሚቀጥለው ክረምት ምርጥ ዘር ይገዛል፣ ማዳበሪያ በብድር ይወስዳል፣ የቤተሰቡን ጉልበት ይመድባል። ልዩነቱ የመጣው ከተባለው አሠራር ካልሆነ ግን ዕዳው በአርሶ አደሩ ላይ ይቀራል፤ ያለፈው የምርት ዘመንም አይመለስም። ስለዚህ በሁለቱ ማሳዎች መካከል የተለየው ምን እንደሆነና የተለካው ምን እንደሆነ ለይቶ መጠየቅ የባለሙያ ብቻ ሳይሆን የተጠቃሚውም መብት ነው።

የቃላቱ ትርጉም

ተለዋዋጭ ማለት መጠኑ ወይም ዓይነቱ ከቦታ ቦታ፣ ከሰው ሰው ወይም ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚለያይ፣ ሊለካ ወይም ሊመደብ የሚችል ነገር ነው። የዘር መጠን፣ የአፈር ዓይነት፣ የዝናብ መጠን፣ የአረም ብዛት፣ የምርት መጠን፣ የአርሶ አደሩ ዕድሜ ሁሉም ተለዋዋጮች ናቸው። በዩኒቨርሲቲዎች በአማርኛ በሚቀርቡ ጥናቶች ውስጥ «ተላውጦ» የሚለው ቃል በዚሁ ትርጉም ስለሚያገለግል፣ «ነጻ ተላውጦ» እና «ጥገኛ ተላውጦ» የሚሉትን ያነበበ ሰው ሌላ ጉዳይ እንዳይመስለው።

ነጻ ተለዋዋጭ ተመራማሪው በምክንያትነት የሚገምተውና በሙከራ ጊዜ ሆን ብሎ የሚለዋውጠው ነው። ጥገኛ ተለዋዋጭ ደግሞ ያንን ለውጥ ተከትሎ ይለወጥ እንደሆነ የሚለካው ውጤት ነው። «የዩሪያ መጠን የስንዴን ምርት ይለውጣል ወይ?» በሚለው ጥያቄ ውስጥ ለዋጩ ዩሪያ፣ ተለዋጩ ምርት ነው። አንድ የጥናት ርእስ ግራ ሲያጋባ «ምን ምንን ይለውጣል?» በሚለው ዓረፍተ ነገር መልክ አስተካክሎ መጻፍ ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታል። ርእሱ በዚህ መልክ ሊጻፍ ካልቻለ ጥናቱ ራሱ ገና ጥያቄውን አላገኘም ማለት ነው፤ ወይም ሁኔታን መግለጽ ብቻ የሚፈልግ ጥናት ነው።

«ነጻ» የሚለው ስያሜ ሊያሳስት ይችላል። ነጻ የተባለው ከምንም ነገር የተላቀቀ ስለሆነ ሳይሆን፣ በዚያ ጥናት ውስጥ መጠኑን የሚወስነው ተመራማሪው እንጂ የሚለካው ውጤት ስላልሆነ ነው። ይህ ሚና ደግሞ ለተለዋዋጩ በተፈጥሮ የተሰጠ ሳይሆን ከጥያቄው ጋር የሚቀያየር ነው። ከላይ ባየነው ጥያቄ የዩሪያ መጠን ነጻ ተለዋዋጭ ነበር። ሌላ ተመራማሪ ግን «የማከፋፈያ ጣቢያው ርቀት አርሶ አደሩ የሚጠቀመውን የዩሪያ መጠን ይለውጣል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ርቀቱ ነጻ፣ የዩሪያው መጠን ጥገኛ ይሆናል። ስለዚህ «ዩሪያ ነጻ ነው ወይስ ጥገኛ?» ብሎ መጠየቅ መልስ የለውም፤ መልሱ የሚገኘው ከጥያቄው ነው።

የሚለካው ነገር በግልጽ ይነገር

«ምርት ጨመረ» የሚለው አነጋገር ብቻውን በቂ አይደለም። በጤፍ ላይ ምርት ማለት የተወቃው እህል ነው ወይስ ጭዱም ይጨመራል? የጤፍ ጭድ ለከብት መኖ ተፈላጊ ነው፤ ለግድግዳ ምርጊት ከጭቃ ጋር የሚቦካውም እርሱ ነው። እህሉን የሚጨምር ጭዱን ግን የሚያሳንስ ዝርያ ለአንዱ ቤተሰብ ትርፍ ለሌላው ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

የአለካኩም ሁኔታ እንደዚሁ ነው። እህሉ ሲመዘን ምን ያህል ደርቆ ነበር? እርጥብ እህል ይከብዳል፤ ከሁለት ማሳዎች የተሰበሰበው በተለያየ ቀን ከተመዘነ ልዩነቱ የውኃ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ምርቱ የተለካው መላው ማሳ ታጭዶ ነው፣ ከማሳው ውስጥ በተመረጡ ጥቂት ካሬ ሜትሮች ላይ ናሙና ተወስዶ ነው፣ ወይስ አርሶ አደሩ ተጠይቆ በግምት ነው? ናሙና ከሆነ ቦታውን ማን መረጠው? ከማሳው መካከል ለምለሙን ጥግ መርጦ ማጨድና ውጤቱን በሄክታር ማባዛት፣ ሆን ተብሎም ባይሆን፣ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

ጤፍን በመስመር መዝራት፦ አንድ ምሳሌ በዝርዝር

ጤፍ ለዘመናት የኖረው በብተና ሲዘራ ነው። የዘሩ ደቃቅነት ሌላ አዘራር እንዲታሰብ የሚያበረታታ አልነበረም፤ በአንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፍሬዎች አሉ። በብተና ለአንድ ሄክታር በአብዛኛው ከ25 እስከ 50 ኪሎ ግራም ዘር ይውላል። ተክሎቹ ተጨናንቀው ስለሚያድጉ አገዳቸው ይቀጥንና ሰብሉ በነፋስና በዝናብ ይጋሸባል። መጋሸብ የጤፍ አምራቾች ሁሉ የሚያውቁት ፈተና ነው፤ ዛላው መሬት ከነካ በኋላ ፍሬው በሚገባ አይሞላም፣ አጨዳውም ያስቸግራል።

ከዚህ በመነሣት የምርምር ማዕከላት ሌላ አዘራር አቀረቡ። ዘሩን ወደ 3 ወይም 5 ኪሎ ግራም ዝቅ በማድረግ፣ በመስመሮች መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት በመተው መዝራት የሚል ነው። ተክሉ ብርሃንና ምግብ በበቂ ካገኘ ከአንድ ሥር ብዙ አገዳ ያወጣል፣ አገዳውም ይጠነክራል፣ አረሙም ለማረም ይመቻል የሚለው መነሻ ሐሳብ ምክንያታዊ ነው። በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው «ቁንጮ» የተባለው ነጭ የጤፍ ዝርያም በዚያው ዘመን በአርሶ አደሩ ዘንድ በፍጥነት ተስፋፋ።

እንግዲህ አንድ የሠርቶ ማሳያ ማሳ እንመልከት። በአንደኛው ማሳ ቁንጮ ጤፍ በመስመር ተዘርቷል። ዘሩ 5 ኪሎ ግራም በሄክታር ነው፤ ማዳበሪያው በመስመሩ ውስጥ ከዘሩ አጠገብ ገብቷል፤ ማሳው ደጋግሞ ታርሷል፤ ሦስት ጊዜ ታርሟል። በሁለተኛው ማሳ የአካባቢው ዝርያ በብተና ተዘርቷል፤ ዘሩ 40 ኪሎ ግራም ነው፤ ማዳበሪያው ተበትኗል፤ አንድ ጊዜ ታርሟል። የመጀመሪያው 18 ኩንታል፣ ሁለተኛው 13 ኩንታል በሄክታር ሰጠ እንበል። ቁጥሮቹ ለማስረጃነት ሳይሆን ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው። «በመስመር መዝራት 5 ኩንታል ጨመረ» ማለት ይቻላልን?

አይቻልም። ጥገኛው ተለዋዋጭ አንድ ነው፤ የምርት መጠን። ነገር ግን አብረው የተለወጡት ነጻ ተለዋዋጮች ቢያንስ ስድስት ናቸው፦ ዝርያው፣ አዘራሩ፣ የዘር መጠኑ፣ የማዳበሪያ አጨማመሩ፣ የእርሻው ድግግሞሽና የአረማው ብዛት። አምስቱ ኩንታል የማን እንደሆነ ከዚህ ሙከራ ማወቅ አይቻልም። ሁሉም ተባብረው ያመጡት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሙሉ በሙሉ ከአረማው የመጣ ሊሆን ይችላል። በፓኬጅ መልክ ማቅረብ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ «ይህን ሁሉ አንድ ላይ ብታደርግ ይህን ታገኛለህ» ለማለት ያገለግላል። ስሕተቱ የፓኬጁን ውጤት ከክፍሎቹ ለአንዱ ብቻ መስጠት ነው።

ይህ ልዩነት ለአርሶ አደሩ ትልቅ ትርጉም አለው። በመስመር መዝራት ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፤ ገመድ መወጠር፣ መስመር ማውጣት፣ ደቃቁን ዘር በእጅ እያመጣጠኑ ማንጠባጠብ። የዘር መጠንን መቀነስ ግን ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ በመበተንም ሊሞከር ይችላል። የጥቅሙ ትልቁ ክፍል የሚመጣው ከዘሩ ማነስ ከሆነ፣ ጉልበት የሌላቸው አረጋውያንና በሴት የሚመሩ ቤተሰቦች ያለ ገመድና ያለ ተቀጣሪ ሠራተኛ ብዙውን ጥቅም ሊያገኙ ይችላሉ። ጥቅሙ የሚመጣው ከመስመሩ ከሆነ ደግሞ ድካሙ ዋጋ አለው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሁለቱን በመለያየት ብቻ ነው።

መለያየቱ አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ወጥ ማሳ በአራት ይከፈላል፦ ብዙ ዘር በብተና፣ ጥቂት ዘር በብተና፣ ብዙ ዘር በመስመር፣ ጥቂት ዘር በመስመር። ዝርያው፣ ማዳበሪያው፣ እርሻውና አረማው በአራቱም አንድ ዓይነት ይሆናል። አሁን ጥቂት ዘር የተበተነበትን ብዙ ዘር ከተበተነበት ጋር ማነጻጸር የዘር መጠኑን ለብቻ ያሳያል፤ ጥቂት ዘር በመስመር የተዘራበትን ጥቂት ዘር ከተበተነበት ጋር ማነጻጸር ደግሞ የመስመሩን ለብቻ ያሳያል። ሁለቱ ሲገናኙ የተለየ ነገር ያመጡ እንደሆነም ከአራቱ ቁጥሮች ይነበባል።

በአርሶ አደሮች ማሳ ላይ የተደረጉ ንጽጽሮች ያሳዩት፣ በመስመር መዝራት ምርት መጨመሩ እውነት ቢሆንም ጭማሪው በምርምር ጣቢያ ከታየውና ከተነገረው ያነሰ፣ የሚጠይቀው የሰው ጉልበት ደግሞ የበዛ መሆኑን ነው። ይህ ሊያስደንቅ አይገባም። በምርምር ጣቢያ ጥገኛው ተለዋዋጭ «ኩንታል በሄክታር» ነው። ለአርሶ አደሩ ግን «ለአንድ ቀን ሥራ የተገኘ እህል» ወይም «ወጪ ተቀንሶ የቀረ ገንዘብ» ሊሆን ይገባል። ሙከራው ያው ሆኖ የሚለካው ሲቀየር መልሱም ይቀየራል፤ ኩንታሉ ጨምሮ በአንድ የሥራ ቀን የሚገኘው እህል ሊቀንስ ይችላል። በእኛ አስተያየት የአንድ ቴክኖሎጂ ማብራሪያ እነዚህን ሁለት መለኪያዎች ጎን ለጎን ካላስቀመጠ ያልተሟላ ነው።

አደናጋሪ ተለዋዋጮች

ሁለቱን ማሳዎች ተመራማሪው ሆን ብሎ በለወጠው ነገር ብቻ ሳይሆን ባላሰበውም ነገር ሊለያዩ ይችላሉ። ከነጻው ተለዋዋጭ ጋር አብሮ እየተለወጠ ጥገኛውንም የሚነካ እንዲህ ያለ ነገር አደናጋሪ ተለዋዋጭ ይባላል።

በገጠር ይህን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልግም። ከቤት አጠገብ ያለ የጓሮ ማሳ ዓመቱን ሙሉ አመድና ፍግ ስለሚደርሰው ከሩቁ ማሳ ይለያል። በፊት ኩይሳ የነበረበት ቦታ ይለያል። ዳገቱ አፈሩ ታጥቦ ሲሳሳ ግርጌው ይወፍራል። ባለፈው ዓመት ባቄላ ወይም ሽምብራ የተዘራበት ማሳ ጤፍ ከተደጋገመበት የተሻለ ሊሆን ይችላል። አዲሱ አሠራር በጓሮው፣ ነባሩ በሩቁ ማሳ ከተሞከረ የተነጻጸሩት አሠራሮቹ ሳይሆኑ ማሳዎቹ ናቸው። ሰዎችም እንደዚሁ ናቸው። አዲስ አሠራር ቀድመው የሚሞክሩት ብዙውን ጊዜ ጥማድ በሬ ያላቸው፣ ጥሩ መሬት የያዙና በሥራቸው የሚታወቁ ሞዴል አርሶ አደሮች ናቸው። የእነርሱ ምርት ከጎረቤቶቻቸው መብለጡ ከአሠራሩ በፊትም የነበረ ሊሆን ይችላል።

ከነዚህ ውስጥ የሚታወቁትን አንድ ዓይነት በማድረግ መቆጣጠር ይቻላል። የማይታወቁትን ግን ማን ይቆጣጠራቸዋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘው ከማሳ ነው። ከለንደን በስተሰሜን በሚገኘው ሮታምስቴድ የተባለ የግብርና ምርምር ጣቢያ፣ ጆን ቤኔት ሎስና ጆሴፍ ሄንሪ ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1843 በስንዴ ላይ የጀመሩት የማዳበሪያ ሙከራ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። አንዱ መደብ ምንም ሳይጨመርበት፣ አንዱ ፍግ፣ ሌሎቹ ልዩ ልዩ ማዳበሪያ እየተጨመረባቸው ዓመታት ተቆጠሩ። ነገር ግን የትኛው መደብ ምን እንደሚያገኝ በዕጣ አልተወሰነም ነበር፤ ስለዚህ የአፈሩ ልዩነት ከማዳበሪያው ልዩነት ጋር ተቀላቅሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 በጣቢያው የተቀጠረው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር ይህን የብዙ ዓመታት መዝገብ ከመረመረ በኋላ መደቦች በዕጣ መመደብ እንዳለባቸው አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ስለ ሙከራ ንድፍ በሚናገር መጽሐፉም አጸናው።

የዕጣ ጥቅም ቀላል ነው። ዕጣ የማሳውን ለምነት አያውቅም፤ ለማንም አያዳላም። መደቦቹ ብዙ ሲሆኑ ለሙ መሬት ለአዲሱም ለነባሩም በተቀራራቢ መጠን ይደርሳል፤ ተመራማሪው ያላወቀው ልዩነት ጭምር ይመጣጠናል። አንድ መደብ ለአንድ አሠራር ብቻ ከሆነ ግን ዕጣም አያድንም፤ ለሙ መደብ ለአንዱ ደርሶት ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ እያንዳንዱ አሠራር በብዙ መደቦች ላይ ይደገማል።

አርሶ አደሩ ራሱ ሲለወጥ

ዕጣ የማይሸፍነው አንድ ነገር አለ። ሰው ምን እንደተሰጠው ሲያውቅ ሥራውን ይለውጣል። በታንዛኒያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ለአርሶ አደሮች የተሻሻለና ነባር የላም አተር ዘር በዕጣ አከፋፈሉ። አንደኛው ክፍል የደረሰው ዘር የትኛው እንደሆነ ተነገረው፤ ሌላው ክፍል አልተነገረውም። ባወቁት ዘንድ የተሻሻለው ዘር ከነባሩ የበለጠ ምርት ሰጠ። ባላወቁት ዘንድ ግን በሁለቱ ዘሮች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ።

ከዚህ የምንረዳው የተሻሻለ ዘር ዋጋ የለውም ማለት እንዳልሆነ ሊሰመርበት ይገባል፤ ጥናቱ ስለ አንድ ሰብል በአንድ አካባቢ የተደረገ ነው። የሚያሳየው ግን «ምርጥ ዘር» የተባለው ነጻ ተለዋዋጭ ብቻውን እንደማይመጣ ነው። ምርጥ ዘር እንደያዘ ያወቀ አርሶ አደር የአዘራሩንና የማሳ አያያዙን ይለውጣል፤ ተራ ዘር የያዘው ደግሞ እንደ ተራ ይይዘዋል። በመስክ በዓል ላይ የሚታየው ልምላሜ የዘሩ ብቻ ሳይሆን የእጅም ሥራ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ማንኛውም ሰው ለእንግዳ የሚታይ ማሳ እንዴት እንደሚታረም ያውቃል።

ሙከራ በማይቻልበት ጊዜ

ሁሉም ነገር በዕጣ ሊሰጥ አይችልም። የትምህርት ደረጃን፣ የመሬት ስፋትን ወይም የመንገድን ርቀት ለአርሶ አደሮች በዕጣ ማደል አይቻልም። በዚህ ጊዜ ተመራማሪው ያለውን ሁኔታ በመጠይቅ ሰብስቦ ያነጻጽራል። ነጻና ጥገኛ የሚሉት ስያሜዎች እዚህም ያገለግላሉ፤ ሆኖም ተመራማሪው ነጻውን ተለዋዋጭ አልለወጠውም፣ አገኘው እንጂ። ስለዚህ የሚያገኘው በሁለቱ መካከል ያለውን ተዛምዶ ነው።

ተዛምዶ አቅጣጫ የለውም። ማዳበሪያ በብዛት የሚጠቀሙ ቤተሰቦች የበለጠ ያመርታሉ የሚል ግኝት ቢመጣ፣ ማዳበሪያው ምርቱን ጨምሮት ሊሆን ይችላል፤ ባለፈው ዓመት ብዙ ያመረተ ቤተሰብ ማዳበሪያ መግዛት ችሎም ሊሆን ይችላል፤ ወይም በሬና ለም መሬት ያለው ቤተሰብ ሁለቱንም አግኝቶ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም በአንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ይወጣሉ። ስለዚህ በመጠይቅ ብቻ የተሠራ ጥናት «ጨመረ» ወይም «አስከተለ» ሲል አንባቢው ቆም ብሎ ሊጠይቅ፣ «ተያይዞ ታይቷል» ሲል ግን ተመራማሪው ጥንቃቄ እንዳደረገ ሊረዳ ይችላል።

አንድ አሠራር በአንድ ቦታ ሠርቶ በሌላ ቦታ የማይሠራበት ጊዜም አለ። በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች በሰፊው የሚገኘው አሲዳማ አፈር የፎስፈረስን ንጥረ ነገር አጥብቆ ስለሚይዘው ተክሉ እንዳሻው አያገኘውም፤ በዚህ አፈር ላይ ማዳበሪያ ጨምሮ ለውጥ ያጣ አርሶ አደር ማዳበሪያውን ቢጠራጠር አይፈረድበትም። አፈሩ በግብርና ኖራ ከታከመ በኋላ ግን ያው ማዳበሪያ ሊሠራ ይችላል። እዚህ ላይ የአፈሩ አሲዳማነት የነጻውን ተለዋዋጭ ጉልበት የሚወስን ሦስተኛ ተለዋዋጭ ነው። «ማዳበሪያ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ከማለት ይልቅ «በየትኛው አፈር፣ በየትኛው ዝናብ?» ማለት የተሻለ ጥያቄ ነው። አፈርን ማስመርመር የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ከባለሙያ ጋር ሲነጋገሩ

አዲስ ዘር፣ ግብዓት ወይም አሠራር ሲቀርብልዎ የቀበሌዎን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ጥቂት ነገሮች ሊጠይቁ ይችላሉ። ከነባሩ የተለየው አንድ ነገር ብቻ ነው ወይስ ብዙ? የተነጻጸረው ማሳ የት ነበር፣ አፈሩስ እንደ እኔ ነው ወይ? በስንት ማሳዎችና በስንት የምርት ዘመን ተሞክሯል? የአንድ ዓመት ውጤት የዚያ ዓመት ዝናብ ውጤት ሊሆን ስለሚችል የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የተለካው እህል ብቻ ነው ወይስ ጉልበትና ወጪም? ባለሙያው መልሱን ወዲያውኑ ላያውቅ ይችላል፤ ጥያቄው ወደ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም አሠራሩን ወዳወጣው የምርምር ማዕከል እንዲተላለፍ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ማሳዎ ለምርምር ከተፈለገ ደግሞ ከመስማማትዎ በፊት በማሳዎ ላይ ምን እንደሚለወጥ፣ ምን እንደሚለካና ምርቱ ቢጎድል ጉድለቱን ማን እንደሚሸከም በግልጽ እንዲነገርዎ ይጠይቁ። ተመራማሪዎች «የቁጥጥር መደብ» የሚሉት ነባሩ አሠራር የሚቀጥልበት ክፍል ነው። ይህ ክፍል አዲሱን ነገር ሳያገኝ መቅረቱ የተረሳ ወይም የተበደለ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ሆኖም ያለ እርሱ ሙከራው የሚነጻጸርበት የለውም። በዚህ ምክንያት በሙከራው መሐል «እዚህም ትንሽ ማዳበሪያ ልጨምርበት» ማለት በቅን ልቦና ቢሆንም ውጤቱን ያበላሸዋል።

ለመመረቂያ ጽሑፍ መረጃ የሚጠይቁ ተማሪዎች በማመልከቻቸው ላይ የጥናቱን ርእስ ብቻ ከመጻፍ ይልቅ ጥገኛ ተለዋዋጫቸው ምን እንደሆነ፣ በምን መለኪያ እንደሚገለጽ፣ ነጻ ተለዋዋጮቻቸውስ የትኞቹ እንደሆኑ፣ የትኛውን ወረዳና የትኛውን የምርት ዘመን እንደሚመለከቱ ቢጠቅሱ ይመከራል። «ስለ ምርታማነት ያለ መረጃ ሁሉ» የሚል ጥያቄ ባለሙያው ምን ፈልጎ እንደሚሰጥ አያሳውቀውም። «ከ2010 እስከ 2014 ዓ.ም. በወረዳው የተመዘገበ የስንዴ ምርት በኩንታል በሄክታር፣ በቀበሌ ተለይቶ» የሚል ጥያቄ ግን በቀጥታ ወደ መዝገቡ ይመራል። ነጻ ተለዋዋጮችን በማብዛት ጥናት አይጠነክርም፤ ከሃያ ይልቅ በሚገባ የተመረጡ ሦስት ይሻላሉ።

በራስ ማሳ ላይ መሞከር

አርሶ አደሩ ያለ ማንም ፈቃድ ሊያደርገው የሚችል ሙከራም አለ። ጥሩ ነው ተብሎ የተነገረውን አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ይምረጡ። በተቻለ መጠን ወጥ የሆነ ማሳ ወስደው እኩል ስፋት ባላቸው ስድስት መደቦች ይክፈሉት። ማሳው ተዳፋት ከሆነ እያንዳንዱ መደብ ከዳገቱ እስከ ግርጌው እንዲዘልቅ በቁመት ይከፋፈል፤ እንዲህ ሲሆን ሁሉም ከመልካሙም ከመጥፎውም ይደርሳቸዋል። ከዚያም መደቦቹን ሁለት ሁለት አድርገው በማጣመር፣ በእያንዳንዱ ጥንድ ውስጥ አዲሱ የትኛው ላይ እንደሚውል ሳንቲም ወርውረው ይወስኑ። «ይኼኛው ይሻለዋል» ብለው በዓይን አይምረጡ። በየመደቡ ጥግ እንጨት ተክለው ምልክት ያድርጉ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ይዝሩ፣ በአንድ ቀን ይረሙ። ሲያጭዱ የየመደቡን ነዶ ለየብቻ ከምረው፣ ለየብቻ ወቅተው፣ እህሉ በደንብ ከደረቀ በኋላ በአንድ ሚዛን ይመዝኑ። የሠሩበትን ቀን ብዛትም በየመደቡ ይመዝግቡ። በሦስቱም ጥንዶች አዲሱ በልጦ ከተገኘ በሚቀጥለው ዓመት ሰፋ ባለ ቦታ መድገም ይቻላል፤ በአንዱ በልጦ በሁለቱ ካነሰ ብድር ከመውሰድዎ በፊት የሌላ ዓመት ውጤት መጠበቅ ይሻላል።